ለአንድ እጅ የሚሆን ሸክላ ማጫወቻ

ኦዴሳ ፕሩት ተቀምጣ ስትበላ ያየሁበትን ቀን ለማስታወስ ብዙ ማሰብ ይኖርብኛል። ቶሌዶ ውስጥ የመኪና በር በሚያወጣው ፋብሪካ ጎን ለጎን ቆመን ስንሠራ ነው ዕድሜያችን ያለቀው። የምሳ ደወል ሲደወል ሌላው ሁሉ ወንበር ይሻማል፤ እሷ ሳንድዊቿን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ ሰው የበላበትን ጠረጴዛ እየወለወለች ወዲያ ወዲህ ትላለች። «ኧረ አረፍ በይ!» ሲሏት፣ «ማረፍማ ጡረታ ስወጣ» ትል ነበር።

ጡረታ አብረን ወጣን፤ ጊዜው ጸደይ ነበር። እኔ እንቅልፌን ለጥጬ ተኛሁ። እሷ ወጥ ቤቷን ቢጫ ቀባች፤ አልወደደችውም፣ እንደገና አረንጓዴ ቀባችው። ከዚያ ወጥታ የጎረቤቷን የሚስተር ኮቫችን አጥር ሳታስፈቅድ መቀባት ጀመረች። ሚስተር ኮቫች ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ሃንጋሪ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት ያሳለፉ። በመስኮት ሲያዩዋት ቆይተው በመጨረሻ በነጠላ ጫማ ወጡ።

«አጥሩ ብቻ ነው ወይስ ቤቱንም ልትቀቢው ነው?» አሏት።

«ቀለም ከተረፈኝ» አለቻቸው።

እንዲህ ዓይነት ሰው ናት። ታላቅ ወንድሟ ሉሸስ ደግሞ ፈጽሞ አይመስላትም። የከተማ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ፣ ግዙፍ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከሁሉም በኋላ ዘግይቶ የሚስቅ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ኦዴሳ ቤት ነው። በወጣትነቱ «የሞሚ ወንዝ አራቱ» በሚባል የመዝሙር ቡድን ውስጥ ከሥር ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚይዘው እሱ ነበር። አራቱ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየቀብሩ፣ ሲሆንላቸውም ክሊቭላንድ ድረስ እየሄዱ ይዘምሩ ነበር። ሸክላ አስቀርጻችኋለሁ ያላቸው ሰውዬ ዛሬ ነገ ሲላቸው ከርሞ ጠፋ። ስለዚህ ሉሸስ የራሱ ድምፅ ያለበት ሸክላ የለውም። የሌሎች ቡድኖች ሸክላ ግን ምድር ቤቱን ሞልቶታል። ያጫውትበት የነበረው የሬሳ ሣጥን የሚያህል የእንጨት ዕቃ ሞተሩ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ኦዴሳ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ትደረድርበታለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት፣ ቁርስ ፊት ለፊቱ ቀርቦ ሳለ፣ የሉሸስ ኩባያ ከእጁ ወደቀ። ኦዴሳ «ምን ሆንክ?» ስትለው የመለሰላት ነገር ቃል አልነበረም። ስትሮክ ነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው፣ ንግግሩም ጠፋ። የሚባለው ሁሉ ይገባዋል። ሲቀለድ ዓይኑ ይስቃል። መልስ ልስጥ ሲል ግን «ታ… ታ…» ብቻ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ይናደድና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ከሆስፒታል በተላከበት ማገገሚያ ቤት ውስጥ ኦዴሳ ነርሶቹን አስመረረች። አልጋውን ታንቀሳቅሳለች፣ መጋረጃውን ትፈታለች፣ ሌላ በሽተኛ ክፍል ገብታ ትራስ ታቃናለች። ንግግር የምታለማምደው ሚስ ብሪግስ የምትባል ሴት አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት።

«አንዳንድ ሰው ቃል ሲጠፋው ዜማው ይቀርለታል» አለቻት። «ወንድምዎ ዘማሪ ነበሩ ብለውኛል። ቤት ሲመለሱ የሚወዱትን ነገር ቢሰሙ ጥሩ ነው። ቃል ልገባልዎት ግን አልችልም።»

ኦዴሳ የመጨረሻውን አልሰማችም። መኪና ውስጥ መሪውን በጣቶቿ እየደበደበች፣ «ማጫወቻ እገዛለታለሁ» አለች። «ኅዳር ላይ፣ ለምስጋና በዓል ይወጣል፤ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስጦታ!»

«ስለ ማጫወቻ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ምንም። ሱቅ ግን አውቃለሁ።»

የዚያኑ ዕለት ሁሉ ነገር የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ገብታ፣ ከሳሙናና ከካልሲ ጋር፣ ቀይ ሻንጣ የመሰለ ማጫወቻ ገዝታ ወጣች። ክዳኑ ሲከፈት ሸክላው ይቀመጥበታል፤ ስፒከሩም እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ቀላል ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ከሉሸስ ሸክላዎች አንዱን አስቀመጠችና ደወለችልኝ። ስደርስ መሐል ወለሉ ላይ ቆማ ጆሮዋን አዘንብላለች።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

«መዝሙር ነዋ።»

«ስንት ሰው ነው የሚዘምረው?»

አዳመጥኩ። «ሦስት።»

«አራት ናቸው ማርቫ! ሽፋኑ ላይ ፎቷቸው አለ፣ ቁጠሪያቸው። ወፍራሙ የት ገባ? የሉሸስ ቦታ ላይ ማንም የለም!»

እውነቷን ነበር። ያቺ ሻንጣ ቀጭኑን ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ታንኳኳዋለች፤ ከሥር ያለውን ጨርሶ አታውቀውም። በማግስቱ ሱቁ ስትመልሳት አብሬያት ነበርኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ «ምን ችግር አለበት?» ብላ ጠየቀች።

«አንድ ሰው ጎድሎታል» አለች ኦዴሳ። ልጅቱ ኮምፒውተሯ ላይ የምትጽፈው ጠፍቷት እኔን አየችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሳምንት ለእኔም ለእሷም እረፍት አልነበረውም። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበትን ሁሉ አዳረስን። አንድ ቦታ የሚያሽከረክረው ጎማ የላላበት አገኘች፣ ሌላ ቦታ መርፌው የጠፋ። ሌሊት ስታስበው ያደረችውን ጠዋት በስልክ ትነግረኛለች። በመጨረሻ ሸክላ ብቻ የሚሸጥ ሬኒ የሚባል ሰው ሱቅ ገባን። ሬኒ ሽበታም ፀጉሩን ከኋላ ያስያዘ፣ ስለ ሙያው ከጠየቁት መሽቶ የሚነጋለት ዓይነት ሰው ነው።

ገና ስንገባ የሚያማምሩትን አሳየን። እንዴት አንዱ ዕቃ ከሌላው ተለይቶ እንደሚገዛ፣ ማጫወቻው ለብቻ፣ ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ለብቻ፣ ስፒከሩ ለብቻ፤ መርፌውን የያዘው ክንድ እንዴት እንደሚመዘን ሁሉ አስረዳን። ኦዴሳ አንዱን እግሯን እያነሳች ሌላውን ትጥላለች።

«ይኼኛውን ይመልከቱ» አለ ሬኒ። «ክንዱን በጣትዎ ቀስ አድርገው ያነሡታል፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያመጡታል፣ ከዚያ እንደ ላባ—»

«በየትኛው እጅ?»

«በቀኝዎ ነዋ። ክንዱ ያለው በቀኝ በኩል ነው።»

«ቀኝ እጅ የማይታዘዝለት ሰውስ?»

ኦዴሳ ምላሹን አልጠበቀችም። ቀኝ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ሱቁ ውስጥ ያለውን ማጫወቻ በየተራ በግራ እጇ ትሞክር ጀመር። ግራ እጅ ክንዱ ጋ ለመድረስ በሚሽከረከረው ሸክላ ላይ ተሻግሮ መሄድ አለበት። ክርኗ ሸክላውን ነካው፤ መርፌው ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። ሸክላ የሚያገላብጡት ደንበኞች ሁሉ ዞሩ።

«እመቤቴ፣ በፈጠረዎት!» አለ ሬኒ፣ ራሱ የተቧጠጠ ይመስል።

«ታዲያ በአንድ እጅ የሚሆነውን አምጣልኛ!»

ጭንቅላቱን አከከና ከኋላ ሄዶ አንድ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው ማጫወቻ አመጣ። «ይኼን ዕቃ ብዙ ሰው ይንቀዋል» አለ። «እኔም ንቄው ነበር፣ አልዋሽም። ፊት ለፊት ያለውን ቁልፍ ይጫኑ።»

ተጫነችው። ክንዱ በራሱ ተነሣ፣ ትንሽ እንዳሰበ ሰው ቆም አለ፣ ሄደና ዝቅ ብሎ ሸክላው ላይ አረፈ። ሲያልቅ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ኦዴሳ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ጸጥ አለ።

ስፒከሩ ላይ እንደገና ተጣሉ። ሬኒ አምፕሊፋየራቸው ሆዳቸው ውስጥ ያለ ሁለት ዓይነት ስፒከር አቀረበላት፤ ሽቦ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ ዕቃ መግዛት የለም። አንደኛዎቹ ትንንሽ፣ አዲስ፣ ነጭ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ያገለገሉ፣ ተለቅ ያሉ፣ ጎናቸው የተፋቀ ናቸው። ዋጋቸው እኩል ነው።

«ለስጦታ ሰው ሁሉ አዲሱን ነው የሚወስደው» አለ። «የተፋቀ ነገር ጠቅልሎ መስጠት ይከብዳል።»

ኦዴሳ ከቦርሳዋ የሉሸስን ሸክላ አወጣች። ሬኒ መጀመሪያ በነጩ አሰማት። ከዚያ በተፋቀው። በተፋቀው ሲሆን መዳፏን የሣጥኑ ግንባር ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ከቆምኩበት ሰማሁት፤ ከሥር፣ ከወለሉ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ።

«መጣ» አለች። «አራተኛው ሰውዬ መጣ። እነዚህን ጠቅልልልኝ።»

ገዛች ማለት ተገላገለች ማለት አይደለም። በማግስቱ ሽቦው አጭር ነው ብላ ተመለሰች። ቀጥሎ መለዋወጫ መርፌ ፈልጋ። ቀጥሎ ደግሞ ነጩ ይሻል ነበር ወይ ብላ። ሬኒ በመስታወቱ ሲያያት «ደግሞ መጡ?» እያለ ገና ከበሩ ይቀበላት ጀመር። አንድ ቀን ከዚያ ስንመለስ መኪናውን ዳር አቆመችና መንገዱን እያየች ጠየቀችኝ።

«ይናደድ ይሆን ማርቫ? ዘማሪ ሰው፣ አሁን አፉ የተያዘ፣ ቤቱ ሲገባ የሌላ ሰው መዝሙር ላሰማው?»

«የገዛሽለት ስጦታ ነው ወይስ መድኃኒት?» አልኳት።

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ስጦታ ከሆነ ባይነካውም የራሱ ጉዳይ ነው። መድኃኒት ከሆነ ግን አናቱ ላይ ቆመሽ ካልዋጥክ ትዪዋለሽ።»

ሞተሩን አስነሣች።

ሉሸስ ቤት የገባው ለምስጋና በዓል ሁለት ቀን ሲቀር ነው። ደረጃ እንዳይወጣ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል አዘጋጅታለት ነበር። ማጫወቻው ባለ መሳቢያው ሣጥን ላይ፣ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ፣ ሪባንም አስራባቸዋለች። ሉሸስ በዱላው እየተደገፈ በሩ ላይ ቆመ። አየው። ሪባኑን በግራ እጁ ነካ አደረገና ወደ እህቱ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ እንዳለው ያስታውቅ ነበር። እዚያ ላይ ብትተወው ኖሮ ጥሩ ነበር። እሷ ግን ካፖርቱን ሳያወልቅ ቁልፉን ተጫነችው።

«ስማው! ስማው እስቲ! ያንተን ቦታ ስማው!» ፊቱ ላይ አፈጠጠች። አፉን ነው የምታየው። እሱም አፉን እያየችው መሆኑን አየ።

አራቱ ድምፆች ክፍሉን ሞሉት። ሉሸስ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አጠፋውና አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን በአንድ እጁ ለማውለቅ ይታገል ጀመር።

በዓሉ አለፈ። የተጠበሰው ተርኪ ዶሮ ተበላ፣ ጎመኑ፣ የበቆሎ ዳቦው፣ ፓይ የሚሉት የስኳር ድንች ኬክ። እንግዳው ሁሉ ማጫወቻውን አድንቆ «እስቲ አሰማን» አለ፤ ሉሸስ ራሱን ነቀነቀ፣ አይሆንም። ኦዴሳ ሳህን እያነሳች ወጥ ቤት ገብታ «ልመልሰው ነው፤ ያ ሬኒም ይገላገለኝ፣ እኔም ልገላገል» አለችኝ። ግን አልመለሰችውም። በቀን ብዙ ጊዜ በክፍሉ ደጃፍ ታልፋለች፣ ምንም እንደማትፈልግ ሰው።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ከሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ ሆነን ልብስ እናጥፋለን። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ይመታዋል። ድንገት ከፊት ክፍል ሙዚቃ ተሰማ። ማንም ክፈት አላለውም፤ ሉሸስ ራሱ ነው የከፈተው። ኦዴሳ የያዘችውን ፎጣ ጥላ በኮሪደሩ ሮጠች። የዚያ ቤት ወለል አሮጌ እንጨት ነው፤ ሰው ሲረግጠው ይዘላል። በሩ ጋ ስትደርስ መርፌው ተስፈነጠረና መዝሙሩ ግማሹን ዘለለ።

ሉሸስ በእጁ «ሂጂ» አላት። መልሶ ቁልፉን ተጫነ። ኦዴሳ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ መርፌው እንደገና ዘለለ። ሦስት ፎጣ አጠፈችና አላስቻላትም፣ በጣቷ ቆማ እንደ ሌባ ሄደች። ኮሪደሩ መሐል ስትደርስ ጣውላው ሲጥ አለ፤ መርፌው ዘለለ።

«ኦዴሳ! ተቀመጪ!»

እኔ መጀመሪያ እንግዳ ሰው ቤት የገባ መስሎኝ ነበር። ያንን ወፍራም ድምፅ ከነሐሴ ወዲህ አልሰማሁትም። ወጥቼ ሳይ ኦዴሳ ኮሪደሩ ላይ በተቀመጠው የታጠበ ልብስ ቅርጫት ላይ ዘፍ ብላለች። ሉሸስ በክፍሉ በር በኩል ይታያል፤ እሱም የገዛ አፉን በእጁ ይዞ ቀርቷል። ተያዩ። ከዚያ እሱ ነው መሳቅ የጀመረው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። እሷም ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ።

«ድገመው!» አለችው። «ሉሸስ፣ ድገመው እስቲ! ስሜን ጥራኝ!»

አፉን ከፈተ። «ታ…» አለ። «ታ… ታ…» ፊቱ ጠቆረ። ቡጢውን ጉልበቱ ላይ መታ።

«በቃ፣ ተይው» አልኳት። «እሱ ያለሽን አድርጊ።»

ቅርጫቱ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ሉሸስ ቁልፉን እንደገና ተጫነ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሸክላው አንዱ ገጽ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ተሰማ። ኦዴሳ ጉልበቶቿን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ፣ እንዳይነሡባት የምትታገላቸው ትመስል ነበር።

ሚስ ብሪግስ ሲነገራት አልደነቃትም። ንዴት ሳያስቡት ቃል ያወጣል አለች፤ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ተጠርቶ የሚመጣ አይደለም። ኦዴሳ ከዚህ ሁሉ የያዘችው «ንዴት» የምትለዋን ነው። ለጥቂት ቀናት ሉሸስ ሙዚቃ በከፈተ ቁጥር ሆን ብላ ኮሪደሩ ላይ እንደ ወታደር ትመላለስ ጀመር። ቢጠረጥር ጊዜ በሩን በቀስታ ከፍቶ ጠበቃትና ነጠላ ጫማውን ወረወረባት። ጆሮዋን ሳታት። ቃል ግን አልወጣውም።

ሚስተር ኮቫች በግድግዳቸው በኩል ሲዘል የሚሰሙት ሙዚቃ አስመረራቸው። አንድ ጠዋት ወፍራም ጣውላና መሰርሰሪያቸውን ይዘው ማንንም ሳያስፈቅዱ ገቡና ግድግዳው ላይ መደርደሪያ ቸነከሩ። «መሣሪያው ወለሉን ካልነካ ወለሉ አያናውጠውም» አሉ። «አንቺ እንደሆንሽ አትቀመጪም።» ማጫወቻው መደርደሪያው ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሬም ቢያልፍ አይዘልም።

ከገና በኋላ ሉሸስ ከሸክላው ጋር ማንጎራጎር ጀመረ። መጀመሪያ ቃል የሌለው፣ ከሥር ከሥር የሚሄድ ድምፅ ብቻ። ሚስ ብሪግስ በዚያ ገባችለት፤ «ውሃ ስጪኝ» የሚለውን፣ «ደክሞኛል» የሚለውን በዜማ አስያዘችው። አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱ እምቢ አለ። ዛሬም ንግግሩ በጣም ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣ ያፍርና ዝም ይላል። የኦዴሳን ስም ግን ይጠራል። «ገልብጪው» ይላታል፤ ሸክላ በአንድ እጅ መገልበጥ አይሆንለትምና። በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚላት እሷ ናት የምታውቀው።

ኦዴሳ አሁን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ ይዛለች፤ ጠዋት ጠዋት ቆማ ለልጆች ምሳ ትቀዳለች። ባለፈው ሐሙስ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ገና ከሥራ መግባቷ ነው፣ ካፖርቷን አላወለቀችም። ሉሸስ አንድ ሸክላ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃታል። አስቀመጠችለት፤ ቁልፉን እሱ ተጫነ። እሷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እስኪያልቅ ትቀመጫለሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አንዱን ገጽ» አለችኝ። «ሁለተኛው ላይ ጎመን እከትፋለሁ።»

ሉሸስ ሳይዞር ግራ እጁን አነሣና ሁለታችንንም ዝም አስባለን። የእሱ ቦታ ሊደርስ ነበር።